ማተብ የታሰረላት የጅብ ሽንኩርት

በዓመት አራት ጊዜ ግራ እጄን ፎቶ አነሳለሁ። አጠገቡ አበባ አለ፤ መዝገብ ቤቱ የሚፈልገው አበባውን ነው እንጂ እጄን ማን ፈለገው። ግን እጅ የሌለበት አበባ አይቀበሉም። ማሽን የፈጠረው ፎቶ አገሩን ካጥለቀለቀው ወዲህ የሰው መዳፍ አጠገቡ ተዘርግቶ፣ መስመሩ አንድ በአንድ ካልታየ አበባው አልበቀለም ማለት ነው። እንዲህ እያልኩ ሃያ ሰባት ዓመት ሠራሁ። አበቦቹ በየዓመቱ ያው ናቸው፤ ያረጀው እጄ ነው። መጀመሪያ ባነሳኋቸው ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ የቀለበቱ ምልክት ብቻ አለ። አሁን እሱም ጠፍቷል።

አንጓች እባላለሁ፤ የቆቅ አፋፍ ተራራ ምስክር ነኝ። ምስክር ማለት የተራራውን የአገር አበባ በየወቅቱ ፎቶ እያነሳ ለሕያው ተራሮች መዝገብ ቤት የሚልክ፣ መስቀል መትቶ የማለ ሰው ነው። እያንዳንዱ ተራራ አንድ ምስክር አለው። አሥራ ሁለት ዓይነት አበባ፣ እያንዳንዱ በክረምት፣ በመፀው፣ በበጋና በበልግ ይነሳል። አሥራ ሁለቱ ከተሟሉ ተራራው «ሕያው» ይባላል፣ ሰዎቹም ደህና ጠባቂዎች ናቸውና ይኑሩ ይባላል። አንዱ ከጎደለ ሰዎቹ ናቸው የገደሉት ተብሎ ሕዝቡ ከቀዬው ይነሳል፤ ተራራው እንዲያርፍ። ከምን እንደሚያርፍ በደብዳቤው ላይ አይጽፉም። ከማን ይሆናል፣ ከእኛ ነዋ።

የተነሱት ሰዎች ቆላ ወርደው በተሠራላቸው ሕንፃ ይገባሉ። እዚያ ከሙቀቱ የተነሳ ቀን መንቀሳቀስ አይቻልም፤ ሰው ቀን ይተኛና ሥራውን የሚሠራው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ከጥቁር ድንጋይ ተራራ የተነሱ ሰባ ሦስት አባወራዎች በሄዱ በመጀመሪያው ዓመት ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ አንድም ሰው አልተረፋቸውም። ይህን የነገረኝ ሬሳ ለማምጣት ፈቃድ ሲለምን ያገኘሁት የአንዱ ልጅ ነው። ፈቃዱንም አላገኘም።

እኔ አባት አለኝ። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ፣ ዘጠና አንድ ዓመቱ። ሌላ የምፈራው ነገር የለኝም፤ ልጄ ሰዋለም ባሕር ማዶ ነች፣ ባሌን ቀብሬያለሁ። አባቴ ግን አየር ሲያጥረው በር ላይ ወጥቶ፣ ከአፋፉ የሚመጣውን ነፋስ አፉን ከፍቶ ይጠጣል። ቆላ ቢወርድ ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ የማወራላችሁን ስትሰሙ ይህን ያዙልኝ።

በቆቅ አፋፍ ፍየሎች አፋቸው በገመድ መረብ ታስሮ ነው ከበረት የሚወጡት፤ የሚፈታላቸው ግጦሽ ተብሎ በተከለለው ቦታ ብቻ ነው። ንብ ከጠፋ ቆይቷል፣ በቤተሰብ የላባ ተራ አለን። ተራው የደረሰው ሰው በዶሮ ላባ የአንዱን አበባ ዱቄት ለሌላው እያደረሰ ይውላል። የላባ ተራውን ያጓደለ ሰው ዕድሩ አይቀብረውም። መስከረም አንድ ቀን ልጃገረዶች የሚሰጡት በወረቀት የተሳለ አደይ ነው፤ እውነተኛውን የቀጠፈ ቤተሰቡ በሙሉ በጥፋተኝነት ይመዘገባል። አባቴ በየዓመቱ ያችኑ ቀልድ ይደግማል፦ እኔ በልጅነቴ አደይ አበባ ላይ እንከባለል ነበር ይላቸዋል። ልጆቹ እኚህ ሽማግሌ ጃጁ ብለው ይሳሳቃሉ። እኔም አንዳንዴ አላምነውም።

አሥራ ሁለተኛው አበባ የጅብ ሽንኩርት ነው። በስሙ አትሳቁ። ድሮ ማንም የማይፈልገው ነገር ነበር፤ ከብት አይበላው፣ ሰው አይበላው፣ ማሳ ውስጥ ከተገኘ በዶማ ተነቅሎ ወደ ገደል ነው። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ግን ነጭ፣ ትልልቅ አበባ ያወጣል፤ ሳምንት ያህል ይቆያል። በክረምት ቅጠሉ ነው የሚነሳው፣ በመፀው ሲገረጣ፣ በበጋ ደግሞ ከመሬት በላይ አንገቱ ብቻ ደርቆ ሲቀር። ያቺን ደረቅ አንገት እጄን ዘርግቼ ሳነሳ፣ መቶ አርባ አባወራ በጅብ ሽንኩርት ቆመ እላለሁ በሆዴ። ቅድመ አያቶቻችን ቢሰሙ ከመቃብር ይነሱ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በአንድ ክረምት፣ የእኛዎቹ ሦስት የጅብ ሽንኩርቶች በሙሉ በሰበሱ። የሁለት ወሩን ዝናብ በአሥራ አንድ ቀን አወረደው። ቆፍሬ ሳወጣቸው መዳፌ ላይ እንደ ገንፎ ፈረሱ። ለቀበሌው አልተናገርኩም፣ ለአባቴም አልተናገርኩም። ወንዙን ተሻግሬ ወደ ይታይሽ ሄድኩ።

ይታይሽ የጉም አምባ ምስክር ነበረች። ጉም አምባ ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ተራራ ነው፤ በመካከላችን አንድ ወንዝና አንድ ድልድይ አለ። ሰዋለምን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት፤ አበልጄ ናት ማለት ነው። አበልጅ ለሚያውቀው ከእህት ይበልጣል። እህትን እግዜር ነው የሚሰጥሽ፤ አበልጅን ግን አይተሽ፣ መርምረሽ፣ ልጅሽን የምታሳቅፊያት ናት። ደግሞ ያን ጊዜ ውለታ ነበረባት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የእነሱ ጦስኝ በፀሐይ ነዶ ሲያልቅ፣ እኔ ነኝ ከእኛ አፋፍ ነቅዬ በቅል አድርጌ የወሰድኩላት። እዚያ ሥር ሰደደ፣ ተስፋፋ፣ ጉም አምባም ሳይነሳ ቀረ። ያን ጊዜ ወንፈል ነው ተባባልን፤ ዛሬ እኔ ያንቺን ካጨድኩ ነገ አንቺ የኔን ታጭጃለሽ። በአበባ ወንፈል ሲደረግ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም። የመጨረሻዎቹ ግን አይደለንም፤ ሌሎችም እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም።

የጅብ ሽንኩርት አንዲት ብቻ ነበረቻት። አንዷን ለሁለት ተራራ አደረግናት። ይታይሽ በራሷ ተራራ ላይ ፎቶ ታነሳና በማግስቱ ከነአፈሯ ነቅላ፣ በማሰሮ አድርጋ፣ ከላይ የጎመን ችግኝ ደርድራበት ድልድዩ ድረስ ታመጣልኛለች። እኔ ወስጄ አፋፉ ላይ እተክላታለሁ፣ እጄን ዘርግቼ አነሳታለሁ፣ ነቅዬ እመልሳታለሁ። በዓመት አራት ጊዜ፣ ስድስት ዓመት። ድልድዩ ላይ የሚያዩን ሰዎች እነዚህ ሴቶች ጎመን በመለዋወጥ ሊሞቱ ነው ይሉን ነበር። ይታይሽም እየሳቀች፣ አዎ የኛ ጎመን ቶሎ አያድግም፣ ትላቸዋለች።

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ዓመት በልግ ሽንኩርቷ እንደዚያ ሆና አታውቅም፤ ባንድ ግንድ ሰባት አበባ አወጣች። መልሼ ስወስዳት ችግኙ ሸተት ብሎ ኖሮ አንዲት መንገደኛ አይታ፣ «ምን ታምራለች!» ብላ፣ ከዓይን ያውጣት እንኳ ሳትል አለፈች። አንዲት ነገር ብቻ ያለው ሰው ዓይን እንደሚፈራ ለእናንተ አልነግርም። እዚያው ድልድዩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ለራሴ ብዬ የፈተልኩትን፣ በሰም የታሸ፣ ሦስት ጊዜ የተገመደ ጥቁር ክር ከመቀነቴ አውጥቼ አንገቷ ላይ አሰርኩላት፤ ማተብ። ይታይሽ ስታይ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ክርስትናዋንስ ማን ያነሳታል አለች። አንቺ ነሻ፣ የኔን ልጆች የምታነሺ አንቺ አይደለሽ፣ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርቷን «ልጃችን» እያልን ነበር የምንጠራት።

እንግዲህ ማተቧ መቆረጥ ነበረባት። ሁለታችንም እናውቃለን። ሃያ ሰባት ዓመት ፎቶ ያነሳ ሰው ምልክት ምን እንደሚያመጣ አይጠፋውም። ግን መቁረጫውን ይዤ ስቀርብ እጄ እምቢ አለ። የታሰረ ማተብ የሚበጥስ ሰው በኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ ለሽንኩርት ቢሆንስ? ይታይሽም አልቻለችም። ፎቶ በምናነሳበት ቀን አፈር ከፍ አድርገን አንገቷን እንቀብራለን ተባባልን፤ እንደዚያም አደረግን። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ የይታይሽንም የኔንም አፈር አጠበው። በጭጋጉ ውስጥ እጃችንን ዘርግተን ስናነሳ አላየነውም። በሁለቱ ተራሮች ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ጥቁር ክር፣ ቋጠሮው በስተግራ፣ ጫፉ አጠር ያለ፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

ደብዳቤው በጥቅምት መጀመሪያ መጣ። ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ተክል በሁለት ተራራ ላይ አይበቅልም፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ወረዳ ቀርባችሁ የማን እንደሆነ በመሐላ ተናገሩ ይላል። የኔ ነው ያለችው ተራራዋ ይቆያል፤ የሌላዋ ተራራ አሥራ አንድ አበባ ብቻ ነው የቀረው ተብሎ ይነሳል። ሁለታችንም የኔ ነው ካልን ሁለቱም ይነሳሉ። ሁለታችንም አናውቅም ካልን ባለሙያ እስኪመጣ ጉዳዩ በምርመራ ይቆያል። ምርመራ ደግሞ ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ አገር ያውቃል።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ድልድዩ ላይ ተገናኘን። ይታይሽ ማሰሮም ችግኝም አልያዘችም። አስባበት መጥታለች። አናውቅም እንበል አለችኝ፤ ሁለት ዓመት ብዙ ነው፣ ባለፈው በላባ ከነካኋቸው አበቦቿ ሁለቱ ፍሬ ይዘዋል፣ ዘሩ ከበቀለ አንቺም የራስሽ ይኖርሻል፣ እኔም የራሴ፣ ያን ጊዜ ይምጡና ይመርምሩ። ትክክል ነበረች። ከዚህ የተሻለ መውጫ አልነበረም፣ አሁንም ቢሆን ሌላ አይታየኝም። እሺ አልኳት። እንማማል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በአበልጅ መካከል ምን መሐላ ያስፈልጋል አለችና ሳመችኝ።

በማግስቱ ወረዳው ኮሪደር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። ቆሎ ይዛ ነበር፣ አካፈለችኝ። ቀድማ የተጠራችው ስሟ በ«አ» የሚጀምረው ናት፤ እኔ።

መርማሪው ምሕረተአብ የሚባል ወጣት ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ፤ እናቴ፣ ደረጃው አደከመዎት ወይ አለኝ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ አወጣቸው። የይታይሽ እጅና የኔ እጅ፣ በመካከላቸው ልጃችን። እንዳየኋቸው አላውቅም ለማለት አፌን ከፈትኩ።

አፌን እንደከፈትኩ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሽንኩርቷ የይታይሽ ናት። የሷ መሆኗን ታውቃለች። የኔ ናት ብትል እውነት መናገሯ ነው፤ ኃጢአት የለበትም፣ ዘጠና ስድስት አባወራ ይተርፍላታል፣ አባቷ አያ ድንበሩ ይተርፍላታል። እኔ በሷ ቦታ ብሆን አላውቅም እል ነበር ወይ? አልልም። እቅጩን ልንገራችሁ፣ አልልም ነበር። እኔ የማላደርገውን እሷ ለምን ታደርገዋለች አልኩ። አየር ያጠረው አባቴ በር ላይ አፉን ከፍቶ ታየኝ። ሰውን በራስ መመዘን እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ምሕረተአብ ክሩን በጣቱ አሳየኝ። «ይህን ያሰረው ማን ነው እናቴ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ይህ እውነት ነው።

«እንግዲያው ተክሉ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

ክሩ ስንት ጊዜ እንደተገመደ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ፣ በሰም የታሸ፣ ጥጡን የፈተልኩት ራሴ ነኝ አልኩት። ተመስጦ ነበር የሚሰማኝ፤ እንደዚያ ያለ የጠራ ምስክርነት ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። ከመቀነቴ የቀረውን ክር አውጥቼ ሰጠሁት፣ ከፎቶው ጋር አስተያየው። አመሰገነኝ፤ በሩንም ራሱ ከፈተልኝ።

ይታይሽ ስትነሳ ትከሻዬን ነካ አድርጋ አለፈች። ቀና ብዬ አላየኋትም። አብረን ነበር የምንመለሰው፣ ግን አልጠበቅኳትም፤ አባቴን አመመው ብለሽ ንገሪያት ብዬ ለጥበቃዋ ነግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ እሷም የኔ ናት ብላ ይሆናል፣ ሁለታችንም ጠፋን ይሆናል እያልኩ ነበር። ተስፋ አድርጌ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ካለች እኩል ነን ማለት ነው። እኩል እንድንሆን ብዬ መቶ አርባ አባወራ ቢነሳም ግድ ያልሰጠኝ ደቂቃ ነበረች፤ አንዲት ደቂቃ ብቻ ናት፣ ግን ነበረች።

ውሳኔው በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ታሽጎ ለምስክሮቹ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ የሁለታችንም ቃል ከነጥያቄው ተያይዞበታል። የኔ አንድ ገጽ ሞልቷል። የይታይሽ አምስት መስመር ነው። አላውቅም፤ አላውቅም፤ አላውቅም፤ አላውቅም። አራት ጊዜ ጠይቋታል፣ ምሕረተአብ ሊረዳት ፈልጎ ነው መሰለኝ። በመጨረሻ፣ ማድረግ የሌለበትን ነገር አደረገ፦ ሌላዋ ምስክር የኔ ነው ብለዋል፣ አሁንም አላውቅም ይላሉ ወይ አላት። የመጨረሻዋ መስመር መልሷ ናት፦

«እሷ ካለች፣ እሷ ታውቃለች።»

ሽንኩርቷን የመዝገብ ቤቱ ሰዎች ራሳቸው አምጥተው አፋፉ ላይ ተከሏት፣ በብረት ቁጥር ለጠፉባት። የመፀውን ፎቶ አነሳሁ። ቅጠሏ ገርጥቶ ነበር፣ በወቅቱ እንደሚገባው። አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት። ቀበሌው በግ አረደልኝ፤ ጉም አምባ ሲነሳ ቆቅ አፋፍ የቆመው በምስክሯ ትጋት ነው ተብሎ ንግግር ተደረገ። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ነፋሱን ይጠጣ ነበር።

ጉም አምባ የተነሳው በኅዳር ነው። መኪናዎቹ ከድልድዩ በላይ መውጣት ስለማይችሉ ሕዝቡ ዕቃውን ተሸክሞ እስከ ድልድዩ ወረደ። የኛም ሰው ወጥቶ ሸኘ፤ ጎረቤት ሲሄድ አለመሸኘት ነውር ነው። ዳቦ ይዘን፣ ጥሬ ይዘን፣ ለልጆች የውሃ ኮዳ ይዘን። መቅረት ፈልጌ ነበር። ምስክሯ ቀረች ቢባል ግን ሰው ምን ይላል? ሄድኩ።

ይታይሽን ለብቻዋ አገኘኋት፤ ጥቅልሏ ላይ ተቀምጣለች፣ በዙሪያዋ ማንም የለም። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መዝገብ ቤቱ ለሕዝቡ የነገረው አንዲት ነገር ብቻ ነው፣ አንድ አበባ ጎድሏል። እሷም ምንም አልነገረቻቸውም። ስለዚህ ምስክሯ በቸልታዋ አበባውን አጥፍታ አገራችንን አስነሳችብን ብለው ነው ያመኑት። ሴቶቹ ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በሩቁ ይዞሯታል። ሰው ካላናገራት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። የወለዳት አባቷ እንኳ።

ሰላም አልኳት። እግዜር ይመስገን አለችኝ፣ አባትሽ እንዴት ናቸው አለችኝ። ደህና ነው አልኩ። ሌላ ልል ነበር። እውነቱን፣ እዚያው፣ ሁሉም ፊት፣ ጮክ ብዬ ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የምልበትን ቃል ስፈልግ ግን ከኋላዬ አንጓች የሚል ድምፅ ጠራኝ።

አያ ድንበሩ ናቸው፣ የይታይሽ አባት። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። በዱላቸው ተደግፈው ከመኪናው ጥግ ተነሱ፤ ሰው ደግፎ ያቆማቸዋል። ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣለች፣ እንደሌለች አለፏት። ወደኔ መጡና ሕዝቡ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ፣ ነይ ልመርቅሽ። አገሩን የጠበቀ ምስክር ማየት ለዓይናችን ተረፈ። ለኛም እንዳንቺ ያለ አንድ ቢሰጠን ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። የሁለቱም ተራራ ሰው ዕቃውን አስቀምጦ ቆመ፤ በኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ ወፍም አይበርም። እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አበባሽ አይርገፍ አሉ። አገርሽ አይጥፋ አሉ። ሕዝቡ አሜን ሲል ይሰማኛል፣ የኛም የእነሱም። የኔ አፍ አልከፈት አለ።

ይታይሽ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ባገኝ እመርጥ ነበር፤ ምንም የለም። እንደ ድሮው፣ ድልድዩ ላይ ማሰሮ ስታቀብለኝ የምታወጣውን ዓይነት ድምፅ ነው ያወጣችው፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ።

«አሜን በይ እንጂ አበልጄ። ምርቃት መሬት አይወድቅም።»

አያ ድንበሩ ምርቃቱን ቀጠሉ፤ እውነት የሚመሰክር አንደበትሽን ይባርከው አሉ።

አሜን አልኩ። ከዚያም ሦስት ጊዜ መረቁኝ፣ ሦስቱንም አሜን አልኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።